የመጀመሪያው ሞገድ

በምሠራበት የወልድያ ሆስፒታል ውስጥ የጆሮና የአንጎል መመርመሪያዋን መሣሪያ የማውቃት ነርስ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። መሣሪያዋ በማዳመጫ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ታሰማለች። ድምፁ ከጆሮ ተነስቶ በአንጎል ግንድ ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ አምስት ሞገዶች ይወጣሉ። ራሱን የሳተ ሰው ሞገዶቹ ከጠፉበት ተስፋው የመነመነ ነው።

መርሳ ላይ ባጃጅ የተገለበጠበት የግራና ከተማ ወጣት በአምስተኛው ቀንም አልነቃም። ማዳመጫውን ገጠምኩለት። በሁለቱም ጆሮ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ወጣ። ዶክተሩ የታተመውን ውጤት አይቶ ተከዘ። የልጁ አጎት ከዶክተሩ ፊት ተረዱት መሰለኝ፣ "እንግዲህ አላህ ያለው ነው፤ ቤቱ ይረፍ" ብለው መኪና ሊያመጡ ወጡ። ኦክስጅኑ ከተነቀለ መርሳም አይደርስ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አንጎል ሲጎዳ የሚጠፉት የኋለኞቹ ሞገዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከጆሮ ነርቭ ስለሚነሳ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የዚህ ልጅ እሱም የለም።

"ዶክተር፣ ይኼ ስለ አንጎሉ ምንም አይነግረንም። ድምፁ መግባቱንስ መች አወቅን?" አልኩት።

ሁለቱንም ጆሮውን በመብራት አየሁ። በሁለቱም ጥጥ እስከ ውስጥ ተጠቅጥቆበታል።

ራስጌው የቆሙት እናቱ አንገታቸውን ደፉ። "እኔ ነኝ ልጄ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠብ አድርጌ በጥጥ ወተፍኩት፣ ንፋስ እንዳይገባው ብዬ።"

"አንቱ ምን አጠፉ እናቴ፤ ሳላይ ማዳመጫ የጫንኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ከልቤ አፈርኩ።

ጥጡን አወጣሁ፣ ዘይቱን ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። አምስተኛው ሞገድ ሲወጣ ዶክተሩ አጎቱን ሊመልስ ሮጠ። እኔ ደግሞ ኩራቴን መደበቅ አቃተኝ።

"ይነቃል?" አሉኝ እናቱ።

"መንገዱ ክፍት ነው። መንቃቱን መሣሪያዋ አትናገርም እናቴ። ግን ዛሬ የሚወሰድ ሰው አይደለም።"

"አልሐምዱሊላህ" ብለው አጠገቡ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ እህል አልበላልህ አለኝ። ካልነቃ ቤተሰቡን በከንቱ ያንከራተትኩት እኔ ነኛ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት እናቱ ከዶክተሩ በፊት እኔን አስጠሩ። ዓይኑ ተገልጧል፤ ጣሪያውን እንጂ ማንንም አያይም። እጄን መዳፉ ላይ አድርጌ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩና "እጄን ጨብጥ" አልኩት። ጥቂት ጠበቅን።

ጨበጠኝ።