የድምፄ ክር

ወገኖች፣ ማይኩን ትንሽ ጠጋ አድርጉልኝ፤ ድምፄ ሩቅ አይሄድም። ዛሬ ልመሰክር የተነሳሁትም ስለዚሁ ስለ ድምፄ ነው። ሽማግሌዎቻችን «የእህትሽ ልጅ መሠረት ነገ ሕክምና ልትማር ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች፤ ሐሳቧ ቀዶ ጥገና ሐኪም መሆን ነውና አንቺም ምከሪያት» ቢሉኝ ሳቄ መጣ። እኔ ስለ ሕክምና ምን አውቃለሁ? የማውቀው ቢላዋ ሥር ተኝቶ መነሳትን ነው። እንግዲህ ከዚያው ከተኛሁበት ልምከራታ። መሠረት፣ ወደ ፊት ነይ፤ ምሰሶ ጥግ ተደብቀሽ አላይሽም።

ብዙዎቻችሁ የድሮዋን ጌጤን ታውቋታላችሁ። ከኩልመስክ እስከ ላሊበላ ሰው ሲሞት «ጌጤን ጥሩ» ይባል ነበር። አልቃሽ ነበርኩ። የሟችን ዘር ማንዘር፣ ደግነቱን፣ በሬዎቹን ሳይቀር እያነሳሁ ሙሾ ሳወርድ ድንኳኑ ይናጣል፤ ዕድሜውን ከሟች ጋር በወሰን ሲካሰስ የኖረው ጎረቤት እንኳ ተነስቶ ደረቱን ይደቃል። እኔ ግን አላለቅስም። ዓይኔ ደረቅ ነው፤ ማን እንዳላለቀሰ ነው የማየው። ድምፁንም የራሴ ነው ብዬ ይዤው ነበር እንጂ ከየት መጣ፣ ማን ሰጠኝ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ እንቅርት ወጣብኝ። በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ ነጠላ ጠምጥሞ መኖር ነው፤ እኔም ጠምጥሜ ኖርኩ። እያደር ግን እህል አላስውጥ አለኝ፤ በጀርባዬ ስጋደም ትንፋሼን ይይዝብኛል። ታላቅ ወንድሜ ቄስ ናቸው። እሳቸውና መሠረት ደግፈውኝ ወልድያ ሆስፒታል ወረድን።

ቀዶ ጥገና ሐኪሟ ገና ወጣት ሴት ናት። አንገቴን በሁለት እጇ ዳበሰችና «እናቴ፣ ይኼ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ትንፋሽ ይከለክልዎታል። ግን ከኋላው ድምፅዎን የምታንቀሳቅስ ነርቭ አለች። እሷ ከተጎዳች ድምፅዎ ሊጠፋ ይችላል» አለችኝ።

«አትጎዳም በይኝ እንጂ» አልኳት።

«እሱን ቃል አልገባልዎትም።»

ንድድ አልኩ። «ታዲያ ምኑን ተማርሽው?» አልኳት። ወንድሜ አፍረው ነጠላዬን ጎተት አደረጉኝ። ሐኪሟ ግን አልተቀየመችም፤ በርጩማ ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። «ለመሆኑ ምን ታክላለች?» አልኳት። ወደ ነጠላዬ ጎንበስ ብላ ከዘርፉ አንዲት ክር መዘዘችና መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

«ከዚህች እምብዛም አትወፍርም። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ናት። እኔም እፈራታለሁ፤ ስለምፈራት ቀስ ብዬ ነው የምፈልጋት» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ያቺን ክር ሳያት የሆንኩትን በምን ቃል ልንገራችሁ። ያ ሁሉ ሰው ደረቱን የመታበት ድምፅ በዚህች ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። እፍ ቢሏት ትበራለች። ማን ፈተላት? በእናቴ ሆድ ውስጥ፣ በዚያ ጨለማ፣ ማን እዚያ ዘረጋት? የላስታ ሰው ነኝ፤ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ እየተሳለምኩ ነው ያደግሁት፤ ሰውነቴ የራደው ግን ያን ጊዜ ነው። ክሯን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳትና ቀዶ ጥገና ክፍል ገባሁ።

ስነቃ ሐኪሟ ከራስጌዬ ቆማለች። «እናቴ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ፊቷ ልውጥ ሲል አየሁት። ያንኑ በርጩማዋን ሳበች። «ነርቮቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ አልተቆረጡም። ደክመው ይሆናል። መቼ እንደሚመለሱ፣ ይመለሱም እንደሆነ አላውቅም» አለችኝ። ከዚያም እንዲህ አለችኝ፦ «ያቺን ክር ሳገኛት እጄን አቆምኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ጎንበስ ብለን አየናት። ምን ያህል ባያትም አልለምዳትም።» መሠረት እግሬ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። ሐኪም ልሁን ያለችው ያኔ ነው፤ ዋሸሁ እንዴ፣ ልጄ?

ከሆስፒታል እስክወጣ ድረስ ሐኪሟ በየቀኑ እየመጣች ስሜን ጠየቀችኝ፤ እኔም በየቀኑ ትንፋሽ መለስኩላት።

አገሬ ገባሁ። ሰው ሲሞት ሄጄ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሰውም ያየኛል። ዕቃ እንደሆንኩ ተሰማኝ። መሠረት ያኔ እዚህ ኅብረት መምጣት ጀምራ ነበርና «አክስቴ፣ ጸልዪ እንጂ» ትለኛለች። በምኔ ብዬ ጉሮሮዬን አሳየኋት። «እሱ ድምፅ አይፈልግም፤ ይሰማሻል» አለችኝ። አንድ ቀን አውድማ ላይ ገብስ ሳነፍስ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ያቺን ክር የዘረጋሃት አንተ ነህ። ብትመልስልኝም ባትመልስልኝም ያንተ ነኝ» አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ታስታውሳላችሁ፣ መሠረት ወደዚህ ስታመጣኝ፣ እናንተ በአፋችሁ ስትመሰክሩ እኔ እዚሁ ቆሜ እጄን ብቻ አነሳሁ። ድምፄ ሳይመለስ፣ ምንም ሳይደረግልኝ፣ ውስጤ አረፈ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ቀጠሮዬ ደርሶ ወልድያ ተመለስን። ሐኪሟ ጀርባዋን ሰጥታኝ እጇን እየታጠበች እንደ ልማዷ «እስቲ ስምዎን ይንገሩኝ» አለች። መልስ የጠበቀች አልመሰለኝም።

«ጌጤ» አልኩ።

ሻካራ ነው፤ በር ሲከፈት እንደሚንቋቋው ነው፤ ግን ድምፅ ነው። ቧንቧው ሳይዘጋ ቀረ። ዞራ «ይድገሙልኝ» አለች። «ጌጤ ነኝ፣ ልጄ» አልኳት። በርጩማው ላይ ዘጭ ብላ ፊቷን በእርጥብ እጇ ሸፍና አለቀሰች። ወንድሜ መስቀላቸውን ጨብጠው ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሳሉ፤ መሠረትም ታለቅሳለች። የእኔም ደረቅ ዓይን ያን ቀን ረጠበ። ስንቱን በሙት ስም ሳስለቅስ የኖርኩ ሴት፣ በሕያው ስም ያስለቀስኩት ያኔ ነው።

መሠረት፣ መጽሐፉን አስተማሪዎችሽ ያስጠኑሻል። እኔ የምልሽ በሽተኛ ሲቆጣሽ በርጩማ ሳቢ ነው። የማታውቂውን አላውቅም በዪ፤ እኔ ተኝቼ አንገቴን የሰጠሁት ስላልዋሸችኝ ነው። ቢላዋ ስትይዢ የምትፈሪውን ፍርሃት እንዳትጥዪው። ደግሞ እወቂ፣ ስሙን ጠይቀሽው የማይመልስልሽ ሰው ይመጣል። ያኔም አጠገቡ ቁጭ በዪ፤ ክሯን የዘረጋሻት አንቺ አይደለሽም።

ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሽቅብ አይወጣልኝም፤ ሙሾ ቀርቷል። ወንድሜ እዚህ መምጣቴ ዛሬም ቅር ይላቸዋል፤ ስንገናኝ እንከራከራለን። ግን ገና ከደጅ «እስቲ ስምሽን በዪ» ይሉኛል፤ ስላቸው አማትበው ይገባሉ። ለምስጋና የሚሆን ድምፅ አለኝ፤ ይበቃኛል።

ከመካከላችሁ ጭንቀት ይዞት የሚለው የጠፋው ካለ፣ ቃል እስክታገኙ አትጠብቁ። ትንፋሽ ብቻ ሆኜ የሰማኝ እናንተንም ይሰማል፤ ራሳችሁን ስጡት። መሠረት፣ ቋጠሮውን ፈትቼልሻለሁ፤ ክሯን እንኪ፣ ይዘሻት ሂጂ። በሉ ወገኖቼ፣ እኔ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልችልምና አሜኑን እናንተ በሉልኝ።