የረመዳን ጨረቃ በላሜራ ቱቦ

አሰላ ሳስተምር አንድ አመል ነበረኝ፤ ስህተት ሰምቼ ማለፍ አልችልም። ሰው ሠርግ ቤት ተቀምጦ «ፀሐይዋ ዞረችብን» ቢል፣ «የዞረችው ምድር ናት» ብዬ ጨዋታውን ድርግም የማደርግ ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ።

ሒሳብ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነበር። አዲስ አበባ ወርዶ ሁለት ሌንስ ገዝቶ መጣ። አሸንዳ ሠሪው ጋ ሄዶ ላሜራ አስጠቀለለና ሌንሶቹን በሁለቱ ጫፍ ገጠመበት። በዚያ ቱቦ ጨረቃን ያየን ማታ ሁለታችንም እንቅልፍ እንቢ አለን። ለብቻችን ማየቱ ንፉግነት መሰለን፤ ስለዚህ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተክለነው የከተማውን ሰው መጥራት ጀመርን። መጀመሪያ ሳቁብን፣ ቀጥሎ ተሰለፉ። ጥያቄያቸው ግን ከተማሪዎቼ ጥያቄ ይበልጥ ነበር። ለገበያ ከዴራ የመጣች ሴት ጁፒተርን ትክ ብላ አየችና «እዚያስ ይዘንባል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቱቦው ያየውን ሁሉ ይገለብጣል። የጭላሎ ተራራ በአናቱ ቆሞ ይታይበታል። ጓደኛዬ «አስማተኞች ናችሁ እንዳንባል» ብሎ ስለፈራ ይህን ለማንም አንናገርም ነበር።

ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው የረመዳን መግቢያ ከመስቀል ጋር ተገጣጠመ። በከተማው የረመዳንን ጨረቃ የሚያዩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከስልጤ አገር መጥተው ስኳርና ጨው የሚነግዱ፣ ሁሉም «ሐጂ» የሚላቸው። ሬዲዮ ያለው ሰው እንኳ «ሐጂ አዩ?» ሳይል ጾም አይዝም። የመስቀል ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ዝዋይ በኩል ያለው ሰማይ ጭጋግ ለብሶ ማንም ምንም አላየም። እኛ ቱቧችንን ስናስተካክል ሐጂ ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘዋቸው፣ ግማሽ ከተማ ተከትሏቸው መጡ።

«መምህር፣ እስቲ ይህ ነገራችሁ ይርዳን» አሉ።

ጓደኛዬ ምዕራቡን ሲፈትሽ ቆይቶ አገኛት። እኔም አየኋት፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች፣ በቱቦው ጠባይ ቀንዶቿን ወደ ታች የደፋች። ከዚያ ሐጂ ጎንበስ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አየኋት! ቀንዶቿን ወደ ላይ አንስታ፣ እንደ ሳህን ተቀምጣ!»

ጓደኛዬ እግሬን ረገጠኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የያዘኝ ሐዘን ሳይሆን ጉጉት ነበር፤ ታዲያ እኚህ ሰው ያዩት ምንድን ነው? ሰዉ መተቃቀፍ ጀምሯል። ሐጂ ግን ዕድሜ ልካቸውን የነገዱ ሰው ናቸው፤ ዝምታ አያመልጣቸውም።

«ምነው መምህር ዝም አልክ? ተሳሳትኩ እንዴ?»

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «ሐጂ፣ ይህ ቱቦ ይገለብጣል። በእሱ ሲያዩዋት ቀንዶቿ ወደ ታች ናቸው» አልኳቸው።

ከእኛ ሌላ የሰማ አልነበረም። ቢተዉት ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር፤ ጨረቃዋም በእርግጥ አለች። ሐጂ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ወንድሞቼ፣ እኔ አላየሁም። ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል። ይህ ዕቃ ያበራልኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። አሁን የነገርኳችሁ የልጅነቴን ጨረቃ ነው። ዓምናም እንዲሁ ነበር።»

እኔ አፌን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ። ከኋላ አንድ አዛውንት «አላህ ሁላችንንም ይማረን» አሉ፣ ቀስ ብለው። ወዲያው ከሲሬ መንገድ የመጣ ገበሬ ዱላውን ወደ ምዕራብ ዘርግቶ በኦሮምኛ «ኩኖ! ኩኖ!»፣ ያቻት ያቻት፣ እያለ ጮኸ። ጭጋጉ ተገልጦ ጨረቃዋ ያለ ምንም ቱቦ ታየች። ሰዉ ሁሉ በገዛ ዓይኑ አይቶ፣ እየተጯጯኸ ለተራዊህ ሶላት ወደ መስጊዱ ወረደ።

ሐጂ አልተከተሉም። ባለቤታቸውን «ወዴት ናት?» ብለው ጠየቁ። እሳቸውም የሐጂን እጅ ይዘው ጣታቸውን ወደ ጨረቃዋ አቀኑላቸው። እንዲያ ሆነው ቆሙ፤ እኛም ቱቧችንን እየፈታን እናያቸዋለን። ጨረቃዋ ገባች። ሐጂ ጣታቸውን አላወረዱም፤ ባለቤታቸውም አልነገሯቸውም።