ጉድጓዱ ራስጌ የተተከለው እንሰት

ቀለሙን አስቀምጡና አረፍ በሉ። ጠዋት ከመካከላችሁ አንዱ «ጋሼ ተካ ደግሞ አበዛው፤ ቅጠል ቆርጠን መንገዱ ዳር ብንሰካ ምልክት አይሆንም? ምልክት ቀቡ እያለ ድንጋይ ለድንጋይ ያንከራትተናል» ሲል ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና አላረጀም። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፤ ያው እየሳቀ ነው። ነገ እንግዳ እየመራችሁ በዚህ መንገድ እንጀራ ልትበሉ ነውና፣ እዚሁ ቦታ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ያኔ ይሄ የተጓዥ መንገድ አልነበረም። ከመንደራችን ጀፎረ፣ ከዚያ ሰፊ የሣር መንገድ ተነስቶ፣ በእንሰቱ ጓሮ አልፎ፣ ጫካውን ሰንጥቆ ወንዙ ድረስ የሚወርድ የከብትና የእንጨት ለቃሚ መንገድ ነበር። ወሩ የካቲት ነው። በጋው ጫካውን አድርቆታል። ከርከሮ ደግሞ ጫካው ሲደርቅበት ወዴት እንደሚመጣ የቸሃ ልጅ አይጠይቅም። ቅጠሉን በልቶ ቢሄድ ባልከፋ፤ እሱ ግን ሥሩን ቆፍሮ አሚቾውን ነው የሚፈልገው። ስንት ዓመት ኮትኩተህ ያሳደግከውን እንሰት በአንድ ሌሊት ገልብጦት ያድራል። በዚያ ሰሞን የታናሽ እህቴን የዘነበችን ጓሮ ደጋግሞ ገባበት።

ባሏ ሳህሌ ወልቂጤ እንጨት ሥራ ቤት ነበረው። ወንበርና አልጋ ይሠራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይመጣል። የዚያን ቅዳሜ መጥቶ የተገለባበጠውን ጓሮ ሲያይ በቀጥታ ቤት ገባና ከጣሪያው ሥር የተሰካውን የአባቱን ጦር አወጣ። አዳኝ አልነበረም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ እጁ መጋዝና መላጊያ ነው የለመደው። ተው ብዬው ነበር። የልጆቹን ጉሮሮ እየበላበት እንዴት ቁጭ ብሎ እንደሚያይ ጠየቀኝ። እኔም ሄጄ ጦሬን አወጣሁ።

ሦስተኛችን ጋሽ ሸምሱ ነበሩ፣ ጎረቤታችን። በአገሩ እንደ እሳቸው ውሻ የከርከሮ ጠረን የሚይዝ ውሻ አልነበረም። ሲነጋጋ ተገናኘን። እሳቸው «ቢስሚላህ» አሉ፣ እኔና ሳህሌ ጸለይን፣ ወጣን። ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ምሳ ዝግባው ሥር ድረስ አመጣለሁ አለች። ዝግባው ያ ነው፣ ጫካው የሚጀምርበት። አዳኝ ጫካ ሲገባ የቤቱ ሴት ምግቡን እዚያ አድርሳ ትጣራለች እንጂ አልፋ አትገባም፤ ወጋችን ነው።

ዱካውን ያገኘነው ከጓሮው ብዙም ሳንርቅ ነው። ብቸኛ ወንድ ነው፣ ትልቅ። የፊት እግሩ ደረቁን መሬት ሰብሮ ገብቷል፤ ዓይነ ምድሩ ገና እርጥብ ነው። ነፋሱ ከሸለቆው ወደኛ ይነፍሳል፣ ስለዚህ ጠረናችን አይደርሰውም። ጋሽ ሸምሱ ከነውሻቸው ወንዙን ዞረው ከታች ሊያባርሩልን ሄዱ፣ እኛ እዚህ መታጠፊያው ላይ ቆየን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉ መንደሮችም እኛም በዚሁ ጫካ ለከርከሮ ጉድጓድ እንቆፍር ነበር። ከሰው ቁመት ያለፈ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ አፉ ላይ ጭራሮ ይረበረባል፣ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ይለብሳል፣ አፈር ይነሰነሳል። ሰው እንዳይገባበት ደግሞ ራስጌው ላይ አንድ የእንሰት ችግኝ ይተከላል። እንሰት ጫካ ውስጥ በራሱ አይበቅልም። ብቻውን የቆመ እንሰት ካየህ የሰው እጅ አለበት፣ ዙረህ እለፍ ማለት ነው። ይሄን እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠጣነው። ከዚህ አገር ያልሆነ ሰው ጫካ ሲገባ እግሩን እያየ ይሄዳል። እኛ ግን እንሰት ካላየን ያለ ሐሳብ እንሮጣለን።

ውሻው ከታች ጮኸ። ብዙም አልቆየም፣ ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና ከርከሮው ወጣ። እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ሳህሌ ወረወረ፣ ሳተው፤ ጦሩ ቁልቁል ገደሉ ውስጥ ገባ። የኔ ትከሻው ሥር ተሰካ። እንስሳው ግን አልወደቀም፣ ዞሮ ወደ ሳህሌ መጣ። የተሰካበት ጦር እንጨቱ ዛፍ መትቶ ቋ ብሎ ተሰበረ። ሳህሌ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጠ፣ በዚህ በኩል፣ አሁን በተቀመጣችሁበት። ፊቱ ላይ እንሰት የለም፣ ጠፍ ሜዳ ነው። ከዚያ መሬቱ ዋጠው። ከርከሮውም ተከትሎት ገባ።

የማዶ ሰዎች ጉድጓድ ነበር። ችግኙን ራሱ ከርከሮው ነቅሎ በልቶታል፤ ጉድጓዱ ራስጌ የተማሰው መሬት ኋላ ላይ ታየን። ለጠላታችን ጉድጓድ ቆፍረን ምልክቱን ከምግቡ ሠራነው። በዚህ ማንን ትወቅሳለህ? አባቶቻችንም እንደዚሁ ነው ያደረጉት።

ሮጬ ደርሼ በደረቴ ተኛሁና ወደ ውስጥ አየሁ። ሳህሌ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል፣ ከርከሮው ፊት ለፊቱ ቆሟል፣ አፍንጫው ጉልበቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሁለቱም ደንዝዘዋል። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ስሙን ጠርቼ ጮህኩ። ከርከሮው ድምፄን ሲሰማ ጭንቅላቱን አንዴ ወደ ጎን ወረወረ፣ የሳህሌ ጭን በክራንቻው ተሰነጠቀ። አልጮኸም። ቀና ብሎ አየኝና በትንፋሽ ብቻ «ዝም በል» አለኝ።

ዝም አልኩ። የተሰበረው ጦር ብረት አሁንም ከርከሮው ውስጥ ነው፣ ደሙ ይንጠባጠባል። የሳህሌም ይፈሳል። የማን ቀድሞ እንደሚያልቅ ነው የምጠብቀው። ገጀራ በእጄ ነበር፤ ብዘል የምወርደው ሳህሌ ላይ ነው። ድንጋይ ብጥል ለማን እንደሚደርስ አላውቅም። ሄጄ የሳህሌን ጦር ከገደሉ ላውጣ ብዬ ክንዴን ሳነሳ ከጉድጓዱ አፍ አፈር ተንዶ ወረደ፣ እንስሳው አጉረመረመ፣ ሳህሌ ዓይኑን ጨፈነ። እንደገና ተኛሁ። ወገቤ ላይ የቃጫ ገመድ ነበረኝ፣ ጠንካራ፣ እህቴ የፈተለችው። ያን ጭን አንዴ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነበር የሚያስፈልገው። ገመዱን ይዤ ዓይኔ እያየ ደሙ ይወርዳል። የጋሽ ሸምሱ ውሻ ሌላ ከርከሮ አንስቶ ከማዶ እየራቀ ይጮሃል። መጣራት አልችልም። ጌታ ሆይ የሚለውን እንኳ በልቤ ነው ያልኩት።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ዘነበች ከዝግባው ሥር ተጣራች።

«ሳህሌ!»

ነፋሱ ዞሮ ነበርና ድምጿን ጥርት አድርጎ አመጣው። የከርከሮው ጆሮ ቆመ። ሳህሌ ወደኔ አየ። ያን ዓይን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሚስቱ ናት፣ ምሳ ይዛለት መጥታለች፣ አቤት ማለት ይፈልጋል፤ አቤት ካለ ይሞታል። እኔ አለሁ ብላት ደግሞ ጩኸቴ እሱን ነው የሚያስወጋው። ደግማ ጠራችው፣ ደግማ። ከዚያ እኔን ጠራች።

«ጋሼ ተካ!»

ጥርሴን አፈር ውስጥ ቀበርኩ። እንደምንቀልድባት ነው የመሰላት፤ ጎመኑ ቀዘቀዘ እኮ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችውና አንዴ ደግሞ ጋሼ ተካ አለች፣ በሌላ ድምፅ። ከዚያ ዝም። ወጉን ጠብቃ ወደ ጫካው አልገባችም። እግሯ በሣሩ ላይ ሲርቅ የሰማሁት መሰለኝ።

ቆይቶ የከርከሮው የፊት ጉልበት ታጠፈ። ሳህሌ እግር ላይ ወደቀ። አላመንኩትም፤ ጓል ወረወርኩበት፣ ጆሮው አልተነቃነቀም። ያኔ ዘልዬ ወረድኩ። ሳህሌ ነጭ ሆኗል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ እስትንፋሱ ግን አለ። ጭኑን በቃጫው አሰርኩ። አሁን ጩኽ አልኩ ለራሴ፣ አሁን ማን ይከለክልሃል? አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። እንደ ዲዳ አየር ብቻ ወጣ። ገጀራውን በድንጋይ እየመታሁ ነው ጋሽ ሸምሱ የሰሙኝ።

ቃሬዛ ሠርተን በጀፎረው አወጣነው። መንደሩ ሁሉ እየተቀባበለ ተሸከመው፣ አስፋልት አደረስነው፣ መኪና አግኝተን ወልቂጤ ገባን። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። እግሩ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ያንን ጉድጓድ እኛና የማዶ ሰዎች አብረን ደፈንነው፣ በጉድጓድ ራስጌ እንሰት መትከልም ቀረ።

ሆስፒታል ዓይኑን ሲገልጥ ዘነበች መጀመሪያ የጠየቀችው ያመው እንደሆነ አይደለም።

«ስጠራህ ሰምተህ ነበር?» አለችው።

«ሰምቻለሁ» አላት።

ወደኔም ዞረች። እኔን አልጠየቀችኝም።

ሳህሌን ታውቁታላችሁ፣ ሰው የሚስቅበትም ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሷ ገና ስሙን ሳትጨርስ «አቤት» ይላል። ሥራ ላይ ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ፣ እንቅልፍ ላይ ሆኖ። እኔ ስቄበት አላውቅም። እኔን ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ቂም አይምሰላችሁ፤ ቤቷ ቤቴ ነው፣ ስታመም ያስታመመችኝ እሷ ናት። ስትፈልገኝ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች፣ አለዚያ ልጅ ትልካለች። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋት። «ልጠራህ አፌን ስከፍት ያ ዝምታ ይመጣብኛል» አለችኝ። እኔም እኮ ያ ዝምታ አልወጣልኝም። አንዳንዴ ጫካ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አቤት እላለሁ፣ ማንም ሳይጠራኝ።

ስለዚህ ድንጋይ ላይ ቀቡ። ድንጋይ የሚበላ አውሬ የለም።

ያቻትና፣ የእህቴ ልጅ ቁልቁለቱን እየወረደች ነው። ምሳ ደርሷል ማለት ነው። ተነሱ እንውጣ። እናቷ ዝግባው ሥር ቆማለች፣ ነጠላዋ ይታያችኋል? ነፋሱም ወደኛ ነው። ከዚያ ብትጠራኝ እሰማት ነበር።