ቁጭ ብድግ

በኔ ጊዜ ሸክም የሚሸከም ሰው ይከፈለው ነበር። አሁን ከፋዩ ተሸካሚው ራሱ ሆኗል። ይሄን በዓይኔ ያየሁት እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ፣ ከምኖርበት ፎቅ ሥር ጂም የተከፈተ ጊዜ ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊው ልጄ፣ እንዳታሳምሪው።

ጂሙ ምድር ቤት ነው፤ እኔ አንደኛ ፎቅ፣ ልክ ከላዩ። ጎረምሶቹ ብረቱን "እህህ" እያሉ ያነሱትና መልሰው እዚያው ያስቀምጡታል። ማስቀመጥ እንኳ አይባልም፣ ይጥሉታል። ድም! የኔ ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ይዘላል። ሌላ ቦታ ቢያደርሱት እሺ፣ ዕቃ እያዘዋወሩ ነው ይባላል። እዚያው! ደግሞ አንድ ማሽን አላቸው፤ ላዩ ላይ ወጥተው ላባቸው እስኪንጠባጠብ ይሮጣሉ፣ ሲወርዱ የወጡበት ቦታ ናቸው። ኧረ መንገዱ ደጃችሁ አይደለም እንዴ! ከጋሪውና ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ እየተጋፋችሁ ብትሮጡ ቢያንስ ገበያ ትደርሳላችሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ደረጃው ላይ ነው። ሊፍት አለን። አለን ስል በሩን ማለቴ ነው። ውሃ በጀሪካን ይዤ ስወጣ እነዚያ ጡንቸኞች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው በጎኔ ያልፋሉ። ኩንታል የሚያነሳ ክንድ የኔን ጀሪካን ሲያይ ይታመማል።

ስለዚህ ከሰስኳቸው። የፎቁን ሴቶች አስተባብሬ፣ ይቺው የምትጽፈው ልጅ ማመልከቻ ጽፋ፣ እኔ ከሁሉ በፊት አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩ። ወረቀቱ ለቤቱ ባለቤት ሄደ። ፊደል ባላውቅም ጣቴ ያውቃል።

እንግዲህ አራተኛ ፎቅ ስላለችው ጓደኛዬ ልንገራችሁ። የአስመራ ሰው ናት፤ ሁላችንም "የአስመራዋ" ነው የምንላት። አዲስ አበባ ብዙ ዘመን ኖራ አማርኛውን እንደኛው ትናገራለች፤ ከተናደደች ግን ወደ ትግርኛዋ ትገባለች፣ ያኔ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቃል። መስከረም ላይ ጥቅል ጎመን ታቅፋ ስትወጣ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ወደቀች። ጎመኑ እየነጠረ ምድር ቤት ደረሰ፣ እሷ እዚያው ቀረች። ጎመኑን ከታች ያሉት ጎረምሶች ወሰዱት፣ እስከ ዛሬ የመለሰው የለም።

ሐኪሙ "አጥንትሽ ደህና ነው፣ የሰነፈው ጅማትሽ ነው፣ ተንቀሳቀሺ" አላት። እሷ ግን ደረጃውን ስታይ ተመልሳ በሯን ትዘጋለች። ከመስከረም ወዲህ ከቤት ያልወጣች ሴት ዓቢይ ጾም እዚያው ፎቅ ላይ ገባባት። አትክልት ስትፈልግ ዘንቢሏን በገመድ አስራ ከሰገነት ታወርዳለች፣ ታች ያለችው አትክልት ሻጭ፣ ማማ ምቦጋ የሚሏት፣ ድንችና ሽንኩርቱን ትሞላላታለች፣ እሷ ትጎትታለች። ከሷ ይልቅ ዘንቢሏ ሰፈሩን ታውቀዋለች።

ልጇ ኢምባካሲ የሚባል ሌላ ሰፈር ይኖራል፣ ኤርፖርት ካርጎ ነው የሚሠራው። ጥሩ ልጅ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር፣ ሰድበን እንመልሰው ነበር። "የኔ ቤት መሬት ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም። እስከ ሆሳዕና ራስሽ ወርደሽ ራስሽ ካልወጣሽ፣ ፒክአፕ ይዤ መጥቼ እወስድሻለሁ" አላት። እውነቱን ነው። ግን እዚያ ቤት ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባ። የሚቀረው የግቢው ዘበኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ከስዋሂሊ የምታውቀው "ስንት ነው?" እና "ውድ ነው!" የሚለውን ብቻ ነው። ከዘበኛ ጋር ምን ትገዛለች?

"እዚያ ከሄድኩ ከማን ጋር እጣላለሁ?" አለችኝ። ስትለው አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም። የቀረን የጾሙ ሳምንታት ነበሩ።

በዚያው ሰሞን የጂሙ ባለቤት በሬን አንኳኳ። ወላጆቹ ያገራችን ሰዎች ናቸው፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው እግሩን እንደ ታመመ ሰው ያነክሳል።

"ሾሾ፣ እንዴት ነሽ?" አለኝ። እዚህ አገር አያትን ሾሾ ነው የሚሉት።

"እማማ በለኝ። ደግሞ አንቺ አትበለኝ።"

"ይቅርታ እማማ። የመጣሁት ለኮሚኒቲው ነው።"

በሩን ዘጋሁበት። እንዴት አልዘጋ? እዚህ ኮሚኒቲ ማለት ሊቀመንበር ያለው፣ ምክትል ያለው፣ የምክትሉም ምክትል ያለው፣ መዋጮ ሲሆን ብቻ ቤታችን የት እንደሆነ የሚያውቅ ነው። ስለ ሊፍቱም ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ኮሚቴው ሻይ ጠጥቶ ተበተነ።

"እማማ! ያ ኮሚኒቲ አይደለም!" ይላል ከበሩ ውጭ። "ሰፈሩን ማለቴ ነው! እናንተን!"

"እኛን ምን ልታደርገን?"

"በነፃ ላሠራችሁ ነው!"

"በነፃማ ዕድሜ ልካችንን ስንሠራ ኖረናል!"

"ስፖርት፣ እማማ! ስፖርት ላሠራችሁ!"

ከፈትኩለት። ሲረጋጋ እውነቱን ተናገረ። የኛ ወረቀት ደርሶ የቤቱ ባለቤት ሊያስወጣው ዝቷል። ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ጂሙ ባዶ ነው፣ ጎረምሶቹ ወይ ሥራ ላይ ናቸው ወይ ተኝተዋል። በዚያ ሰዓት የፎቁ እናቶች ይምጡ፣ እሱ ያሠራናል፣ እኛ ክሱን እንተዋለን። ከደግነት አይደለም የመጣው፣ ከፍርሃት ነው። እኔ ደግሞ ከፍርሃት የመጣ ደግነት ይሻለኛል፤ ቶሎ ይፈጽማል።

"አራተኛ ፎቅ አንድ ሰው አለች" አልኩት። "እሷን በእግሯ ካስኬድክ ጣቴን አነሳለሁ።"

በማግስቱ የጂሙ ባለቤት ከእንቅልፍ የቀሰቀሳቸው አራት ጎረምሶች ወጥተው በፕላስቲክ ወንበር አወረዷት። እንደ ንግሥት እንዳይመስላችሁ፤ በየደረጃው በትግርኛ ትራገማለች። "እንደ ሶፋ አታዘንብሉኝ!" የሚለውን ብቻ በአማርኛ ነው ያለችው። እነዚያ ልጆች ብረት መግፋት ከጀመሩ ወዲህ ያነሱትን ነገር ሌላ ቦታ ሲያደርሱ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ሦስት ሆነን ቆምን፤ እኔ፣ የአስመራዋ፣ እና ከሞያሌ መጥታ እዚህ ጨርቅ የምትነግደው ሐጅያ። የጂሙ ልጅ "ስኳት እንጀምራለን" አለ። ተያየን። ባማርኛ ምን እንደሚባል ጠፋው፣ ስልኩን አውጥቶ እናቱን ጠየቀ። ከዚያ ፊቱ በርቶ መጣና አጨበጨበ፦

"እናቶች! ቁጭ ብድግ በሉ!"

ባገራችን ቁጭ ብድግ ለማን እንደሆነ የማያውቅ አለ? ለሌባ ነው። አርፍዶ ለመጣ ተማሪ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ባለመድረሴ ካተረፍኩት ነገር አንዱ ቁጭ ብድግ አለማለቴ ነው፤ በስተርጅና እዚህ ምድር ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

የአስመራዋ ነጠላዋን አጣፋች። "ጎመኔን የሰረቃችሁ እናንተ፣ ቁጭ ብድግ የምለው እኔ?" አለች። "ወንበሬን አምጡ!"

ተሸክመው መለሷት። ሁለት ቀን በሯን ለሰው አልከፈተችም። ዘንቢሏ እንኳ አልወረደችም።

በሦስተኛው ቀን ልጁን ልሰድበው ወረድኩ። ብቻውን ነበር። ይቆማል፣ ያጎነብሳል፣ መዳፉን መሬት ያስነካል፣ በደረቱ ይወድቃል፣ ተስፈንጥሮ ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። ንስሐ ገብቷል ማለት ነው ብዬ አዘንኩለት።

"ስንት አዘዙህ?" አልኩት።

"ሠላሳ" አለ እያለከለከ።

"ለምን ኃጢአት?"

"ለሆዴ ነው፣ እማማ።"

"ለሆድማ ሠላሳ አይበቃም!"

በርፒ ይባላል አለኝ። የፈለገው ይባል፣ እኔ ስግደት ሲሠራ አውቃለሁ። እንግሊዞቹ ኪርያላይሶኑን አውጥተው በርፒ ብለው መልሰው ሸጡልን። ከዚያ ያንን ቁጭ ብድግ አስቤ፣ እሱም የስግደት ግማሹ ነው አልኩ። እየተንጠለጠልኩ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

"ስሚ" አልኳት በበሩ። "ቅጣት አይደለም፣ ስግደት ነው። ልጁ አማርኛ ስለማይችል ነው። ጾም አይደለም እንዴ? ከሰገድሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

ከወደቀች ወዲህ አልሰገደችም፤ ለሰው ባትናገርም ይሄ ያንገበግባት ነበር።

"በጂም ይሰገዳል?"

"ጌታ በግርግም ተወልዷል። ጂም ምን አለው?"

ቄሱን አልጠየቅኩም። የማይመች መልስ ከሚሰጥ ሰው ጥያቄ አይጠየቅም።

ወረደች፣ በወንበሩ። ልጁ መጀመሪያ አግዳሚ ላይ ቁጭ እያለች እንድትነሳ ብቻ አደረጋት። ሙዚቃውን አጠፋ፤ እሱ "ዋን፣ ቱ" ሲል እኛ "ኪርያላይሶን" እንላለን፣ ሐጅያ "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። ሐጅያ በዕድሜ ከሁላችን ትበልጣለች፣ ግን ምንም ሳትይዝ ትነሳለች። "እኔ ይሄን በቀን አምስቴ ስሠራው ኖሬያለሁ፣ እናንተ ለሁዳዴ ብቻ ነው የምታስታውሱት" ብላ ሳቀችብን።

ቅዳሜና እሁድ አንመጣም አልነው፣ በጾሙ ቅዳሜና እሁድ አይሰገድም። "በጣም ጥሩ፣ ሰውነት ማረፍ አለበት" አለ፣ የፈጠረው እሱ ይመስል።

ይሄን ግን ላመስግነው፣ እየመረረኝም ቢሆን። አንድ ቀን ደረጃችንን በሜትር ለክቶ ሄደ። ልክ በደረጃው ቁመት የእንጨት ሳጥን አሠራና የአስመራዋን እያስወጣ እያስወረደ አለማመዳት። ከኮሚቴው ውስጥ ደረጃውን የለካ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት አንደኛ ፎቅ በእግሯ ወጣች፣ የቀረውን በወንበር። ከዚያ ሁለተኛ። ሦስተኛው ላይ፣ የወደቀችበት ጋ ስትደርስ፣ ሁልጊዜ "ወንበር!" ትላለች። ቀድመው የመጡ ጎረምሶች ቦርሳቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁን ጀመር፣ አንዱማ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ አየሁት። ጀሪካኔንም መሸከም ጀመሩ። ጡንቻ ጆሮ የለውም እንዳልል ይሄው ሰማ።

ልጁ ደግሞ ፎቶ አንስቶን በሩ ላይ ትልቅ አድርጎ ለጠፈን፣ "ኮሚኒቲ" ብሎ። የኔ ዓይን ተጨፍኗል። ጂሙ የዓይን ሕክምና ይሰጣል የሚል ሰው ቢመጣ አይገርመኝም።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ልጇ መጣ፣ ቃሉን አክባሪ ነው። ፒክአፑን ደጅ አቆመ፣ ገመድና የፍራሽ ሸራ አወረደ። ምንም አልነገርነውም ነበር። ቀና ሲል እናቱ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ ስትወርድ አየ። እኔ ከኋላዋ ነኝ፣ ብትወድቅ ልይዛት። እኔን ማን እንደሚይዘኝ አላሰብንበትም።

ሰላም እንኳ ሳትለው ወደ ማማ ምቦጋ አለፈች። ሦስት ጎመን አንኳኩታ አራተኛውን መረጠች፣ "ውድ ነው!" አለች፣ ተቀነሰላት። ጎመኑን ለልጇ አስታቀፈችውና ወደ ደረጃው ዞረች።

የጂሙ ልጅ በሩ ላይ ቆሟል። "ወንበሩን እንዳታመጣ" አልኩት። እሱም እጁን ኪሱ ከተተ፣ እንዳያመልጠው ነው መሰለኝ።

አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ቆማ ተነፈሰች። ሦስተኛው ላይ፣ እዚያች ቦታ፣ ቆመች። ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች። "ወንበር" የምትል መሰለኝ፣ አልዋሽም፣ ኢምባካሲ ሄደች ብዬ ነበር። ከዚያ ደረጃውን ወደ ታች አይታ በትግርኛ አንድ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው ባላውቅም ለእንጀራ ልጅ እንኳ የሚባል ቃል አይደለም። "ኪርያላይሶን" ብላ እግሯን አነሳች።

አራተኛ ፎቅ ደርሳ በሯን ከፍታ ዞር ስትል ልጇ የለም። ጎንበስ ብለን ብናይ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ ጎመኑ ጭኑ ላይ፣ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ። የካርጎ ቢሮ ወንበር ሆድ አብቅሎለታል ምስኪን።

በአማርኛ ነው የጮኸችው፣ እኔም እንድሰማ።

"ቁጭ አልክ?"

"ትንሽ ልተንፍስ፣ እማ።"

"ብድግ በል!" አለችው። "ጎመኑን ደግሞ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ታች የሚጠብቁት አሉ!"