አያ አንሙትና የመንግሥት ገመድ

አያ አንሙት ጅብ አይፈሩም። ወንዝ ሞልቶም ይሻገራሉ። የሚፈሩት ገመድ ነበር፤ ያውም የመንግሥት ሰው የያዘውን ገመድ። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ተመራጭ ነበሩ ተብለው «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ወጣላቸው። የሽግሽጉ ኮሚቴ በገመድ እየለካ ዐሥራ አንድ ጥማድ መሬታቸውን አራት አድርጎት ሄደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እሳቸው ያዩት እባቡን ነው።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ሔዋን እባላለሁ። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ወደሚርቅ ቀበሌ በልማት ሠራተኛነት ስመደብ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የምናገረው ብዙ፣ የምሰማው ጥቂት።

ይዤው የሄድሁት ፕሮጀክት ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነበር እላለሁ። ተዳፋት መሬቱን ሳያርስ ሣር ለሚያበቅልበትና እርከን ለሚያሠራ ገበሬ ሁለት በግና የአፕል ችግኝ ይሰጣል። መሬቱም የገበሬው እንደሆነ ይቀራል። ይህን በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሰዉ እስኪሰለቸው አስረዳሁ። አያ አንሙት ግን ከሽግሽጉ ወዲህ ስብሰባ ረግጠው አያውቁም። በዚያ አገር ነገሩ ለሁሉም እንዲደርስለት የፈለገ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ ይናገራል። እኔ እሑድ እሑድ ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ነበርሁ።

ስለዚህ ወሬው እሳቸው ዘንድ የደረሰው በጎረቤታቸው በሙላት በኩል ነው። «አያ አንሙት፣ ገመድ መጣ። ሣር የበቀለበትን መሬት ሊመዘግቡ ነው» አላቸው። ሙላት አልዋሸም። የእርከን መስመር የሚወጣው በሁለት ዘንግ መካከል ገመድ ወጥሮ ነው። ሣር ያለበትንም መሬት እንመዘግባለን፤ በጎቹን ለባለቤቱ ለመስጠት።

ባለቤታቸው ጤናዬ እንደነገሩኝ፣ አያ አንሙት ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድላቸው አለ። ከቀሯቸው አራት ጥማድ አንዷ ተዳፋት ናት። ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ ሣር እንጂ ማረሻ አይታ አታውቅም። ለፕሮጀክቱ ሰዎች በኩራት አሳያታለሁ ብዬ ያሰብሁትም እሷኑ ነበር። እሳቸው ግን «ያልታረሰ መሬት ጦም ያደረ ነው ብለው ይወስዱብኛል» ብለው ደመደሙ። የመጋቢት ዝናብ ጠብ ብሎ ነበርና በሬዎቻቸውን ጠምደው በሁለት ቀን ገለበጧት፤ ላይ ታች፣ እስከ ድንበሩ ድረስ።

በሦስተኛው ቀን ገመዱን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ደረስሁ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እየሮጡ መጥተው ፊቴ ቆሙ። በሬ የሚነዱበት ጅራፍ በእጃቸው ነው።

«ታርሷል! ይኸው ታርሷል! ጦም አላደረም!»

ፈራሁ። ጅራፍ የያዘ፣ ከንፈሩ የነጣ ሰው ሲጮህብኝ እግሬ ሩጪ ሩጪ አለኝ። እኔ ደግሞ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ይህን አመሌን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

«ምነው አያ አንሙት! ይህን መሬት እንዴት ያርሱታል? አበላሹት እኮ!»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ዞረው ሄዱ። ቤት ገብተው ለጤናዬ «ጥፋት ጻፈችብኝ፤ አለቀልን» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ እኔን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ሣሩ እንደገና ይዘራ ልላቸው ቤታቸው ብመላለስ በሩን የሚከፍትልኝ አጣሁ። አንድ ማለዳ ጤናዬ ዕንቁላል ቋጥረው መጡና ጉልበቴ ሥር ወደቁ። «ልጄ፣ በልጅነትሽ፣ ስማችንን ፋቂልን» አሉኝ። የጻፍሁት ነገር የለም ብዬ ብምል ብገዘት አልሰሙኝም። ዕንቁላሉን ትተውልኝ ሄዱ። አልበላሁትም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። የቢሮው ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ ያቺ የታረሰች ተዳፋት ብቻ ነበረች የምትታየኝ። ጋብ ሲል በጭቃው እየተንሸራተትሁ ሮጥሁ።

መሬቷ ቆዳዋ ተገፎ ነጭ ድንጋይ አግጥጦባታል። አፈሩ ከታች የሙላት ባቄላ ላይ ተኝቷል። ባልና ሚስት በእንቅብ ከሙላት ማሳ እየዛቁ ወደ ላይ ያመላልሳሉ። የደፉትን ውሃው ወዲያው መልሶ ይወስደዋል። እነሱ ግን አላቆሙም። ጤናዬ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጎርፉ የሳታት፣ አንድ ጎጆ የምታህል ጥግ ላይ ቆሙ። ከዚያች ሁሉ መሬት አፈር የቀረው እዚያች ላይ ብቻ ነው።

አያ አንሙት ሲያዩኝ እንቅቡ ከእጃቸው ወደቀ። እንደ ወትሮው አልሸሹም።

«አያ አንሙት፣ አሁን እንኳ ይፍቀዱልኝ» አልኋቸው፤ እያለቀስሁ ነበር። «መስመሩን ላውጣ፤ ዛሬውኑ ድንጋይ እንደርድርበት። አፈሩ ቀስ እያለ ይመለሳል። መሬቱ የእርስዎ ነው፤ በእመቤቴ ማርያም፣ ማንም አይነካብዎትም!»

እሳቸው ግን አላመኑኝም። ዓይናቸው ውስጥ ያለው ፍርሃት ያው የመጋቢቱ ነው። ግን በጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ እንደገና እየጠቆረ ነበር። አያ አንሙት ደመናውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከሁለታችን አንዳችንን መምረጥ ነበረባቸው።

«እሺ፣ መሬቱን ውሰጂው» አሉኝ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው በቅጡ አይሰማም። «ብቻ ያቺን፣ ጤናዬ የቆመችባትን፣ እሷን ተይልን።»