ያስገባኝ ስህተት

በጃንሆይ ጊዜ ለሕግ ትምህርት ቤት ሳመለክት፣ ህንድ አገር በነፃ የትምህርት ዕድል አንድ ዓመት የተማርሁበትን ወረቀት ከሁሉ በላይ አድርጌ አስገባሁ። ፈታኙ ገለጥ አድርገው አለፉትና፣ «ችሎት ቆመህ ታውቃለህ?» አሉኝ። በሸቅሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ አባቴ በእርሻ ድንበር ሲሟገቱ አቤቱታቸውን የጻፍሁት እኔ ነኝ አልኋቸው።

«ረቱ?»

«ተረቱ። ከወንዙ ወዲያ ማለት ሲገባኝ ከወንዙ ወዲህ ብዬ ጽፌ።»

ፈታኙ ሳቁ፤ ተቀበሉኝም።

አገሬ ደብረ ማርቆስ ገብቼ፣ ያስገባኝ የህንዱ ወረቀት ሳይሆን ያ ስህተት መሆኑን ለአባቴ ነገርኋቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ «ምን ይገርማል?» አሉ። «የህንዱን በነፃ ነው የተማርኸው፤ ይኼን ግን አንድ ማሳ አስከፍለኸኛል።»