አልቋል የተባለው ቤት

ጎረቤላ ውስጥ መምህር ወልደአረጋይ አማርኛውን ያላረመው ሰው አልነበረም። ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካየ ቀይ እስክሪብቶውን መዝዞ ፊደል ያስተካክላል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ አንዱ «በጣም በጣም ደግ ሰው ነበሩ» ቢል፣ ጠጋ ብሎ «አንዱ ‹በጣም› ይበቃ ነበር» ይለዋል። ሰዉም ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሲደክመው ለመደው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው አማርኛ ነው፤ ከአማርኛም ይበልጥ የሚወደው ኅብረ ቃልን ነው። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም አዝሎ ሲመጣ የላይኛውን ብቻ ሰምቶ የሚሄድ ተማሪ ካጋጠመው «ሰሙን ልሶ ወርቁን የሚጥል ደንቆሮ!» ብሎ ጠመኔውን ይወረውርበታል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚያድረው ግን በኪራይ ቤት ነበር። አከራዩ እትዬ አመተ ማርያም ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግድግዳቸውን ግን ከልጅ አብልጠው ይወዳሉ። «ምስማር የሚባል ነገር ግድግዳዬን እንዳይነካ» የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሕጋቸው ነው። በዚህ ሕግ የተነሣ የወልደአረጋይ ሚስት ትርንጎ የሠርጓን ፎቶ በትልቅ ፍሬም ካሠራች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሰቅላው አታውቅም። ሙሽራው ሱፉን፣ ሙሽሪት ቬሎዋን እንደለበሱ በአንሶላ ተጠቅልለው አልጋ ሥር ይኖራሉ። ትርንጎ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው የራሷ ግድግዳና እሱ ላይ የሚመታ አንድ ምስማር ነበር። ምስማሩንማ ገዝታ በመሀረብ ቋጥራ አስቀምጣለች። የቀረው ግድግዳው ነው።

ግድግዳውን የገዙት ደብረ ብርሃን፣ ብሎክ አንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ገና መሠረቱ ሲቆፈር ነው። ያዩት ቤት ሳይሆን ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ፎቅ ቆሟል፤ ከፎቁ ሥር ሰማያዊ መዋኛ፣ ከመዋኛው ዳር ዘንባባ፣ ከዘንባባው ጥላ ሥር ደግሞ ሸሚዙን አውልቆ የተንጋለለ ሰውዬ አለ። ልብ በሉ፣ ይህ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሰው በሐምሌ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ጥርሱን የሚያንቀጫቅጭበት አገር! ወልደአረጋይ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች መርምሮ ያገኘው ስሕተት አንድ ብቻ ነበር፤ «ሕንፃ» የሚለው ቃል በሃሌታው ሀ ተጽፏል። እሱን አርሞ ፈረመ።

ጊዜው ሄደ። ወልደአረጋይ ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር እንደተፈቀደለት ስልኩን አንሥቶ የቤቱ ሻጮች ዘንድ ደወለ። ያነሣችው ቤተልሔም የምትባል፣ ድምፅዋ ማር ማር የሚል የሽያጭ ሠራተኛ ናት።

«ብሎክ አንድ እንዴት ሆነ? አለቀ?»

«ብሎክ አንድማ አልቋል እኮ መምህር! ምንም የቀረ የለም። እርስዎ በጥሩ ጊዜ ነው የገዙት፤ እንኳን ደስ አለዎት!»

ወልደአረጋይ ስልኩን ሳይዘጋ ሚስቱን አቀፋት። ትርንጎ ደስ አላት፤ ግን ሴትዮዋ ቀልብ አላት። «እስቲ መጀመሪያ ሄደን እንየው» አለች።

«ምን አስኬደን?» አለ ቅር ብሎት። «የተነገረኝ እኮ በአማርኛ ነው! አልቋል ማለት አልቋል ነው። የቅርብ ኃላፊ ጊዜ፣ የተፈጸመ ድርጊት!»

ትርንጎ ሰዋስው ላይ ተከራክራው አታውቅም፤ ዕቃ መጠቅለል ጀመረች። እሱ ደግሞ ዓመታት ያፈነውን ንግግር ይዞ እትዬ አመተ ማርያም ሳሎን ገባ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሰው በግድግዳ እንደማይከብር፣ ለሰው ምስማር የከለከለ በሰማይ ቤት ነጠላውን የሚሰቅልበት እንደሚያጣ በሰፊው አስረዳ። ንግግሩ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነበረው። ሲጨርስም ለአዲሱ ቤት ምርቃት ጋበዛቸው። የጋበዛቸው ወዷቸው አይደለም፤ ዐይናቸው አይቶ አንጀታቸው እንዲቃጠል ብሎ ነው። እሳቸው ግን የዋህ ናቸውና «እሰይ! እመጣለሁ» አሉ። ክፍሎቹንም በዚያው ዕለት ለጤና ጣቢያው ነርስ አከራዩ።

ዕቃውን የጫነው ሰላሀዲን ነው፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ፣ ባለ አይሱዙ፣ የወልደአረጋይ የቆየ ወዳጅ። እትዬ አመተ ማርያም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በፌስታል የተጠቀለለ ስጦታቸውን ይዘው ጋቢና ተቀመጡ። ትርንጎም ፎቶውን ከጭነት ጋር አላስቀምጥም ብላ አጠገባቸው አቅፋው ተቀመጠች። ባለ ቤቱ ወልደአረጋይ ከላይ፣ ከፍራሹ ጋር ሆኖ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ እጁን እያውለበለበ ተጓዘ።

ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ሰላሀዲን የተነገረው ቦታ ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ከፊቱ የቆመው ምሰሶ ነው፤ ምሰሶው የተሸከመው ወለል፣ ወለሉን ደግፎ የያዘው አጣና።

«ሱብሃነላህ!» አለ። «መምህር፣ ግድግዳው የታለ?»

«ይሄ የሌላ ሰው ሕንፃ መሆን አለበት» አለ ወልደአረጋይ ከላይ።

ዘበኛው ከቆርቆሮ ቤቱ ብቅ አለ። «ብሎክ አንድ ይኸው ነው። ከወጣችሁ ተጠንቅቃችሁ ውጡ፤ ደረጃው መደገፊያ የለውም።»

ወጡ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የደብረ ብርሃን ነፋስ በአንዱ በኩል ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፤ የሚያቆመው አላገኘም። እትዬ አመተ ማርያም ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ስጦታቸውን ከፌስታሉ አወጡ። አበባ አበባ ያለበት የበር መጋረጃ ነበር። ዘርግተው ያዙትና ግራ ቀኝ አዩ።

«መምህር፣ በሩ በየት በኩል ነው?»

ሊያሾፉ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ወልደአረጋይን የገደለውም ይኸው ነው። ስልኩን አወጣ።

«እህቴ፣ አልቋል አላልሽኝም?»

«አዎ መምህር፣ አልቋል» አለች ቤተልሔም። «ብሎክ አንድ ላይ የሚሸጥ ቤት የለም፤ ተሸጦ አልቋል።»

«ግንባታውስ?»

«እሱ በሂደት ላይ ነው።»

ወልደአረጋይ ክው አለ። ጠመኔ የወረወረባቸው ተማሪዎች ሁሉ በየተራ በዐይኑ መጡበት። ቃሉ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምረው የኖረው ኅብረ ቃል ነው፤ ሰሙን ልሶ ወርቁን የጣለው ደንቆሮ ደግሞ እሱ ራሱ።

ትርንጎ ወደ ምሰሶው ተጠጋች። ፎቶውን ምሰሶው ሥር አስደግፋ መሀረቧን ፈታች። ምስማሩን አወጣች። መሬት የወደቀ የብሎኬት ስባሪ አንሥታ ምሰሶው ላይ መታችው፤ ጎበጠ። ደግማ ስትመታው ተፈናጥሮ መስኮት ሊሆን በታሰበው በኩል ወጥቶ ሄደ። ያን ጊዜ አለቀሰች።

እትዬ አመተ ማርያምም አብረው አለቀሱ። «ምነው ልጄ፣ እኔው ግድግዳ ላይ በመታሽው ኖሮ!» አሉ። ይህን ለማለት ለምን ያን ያህል ዓመት እንደፈጀባቸው እሳቸውም አያውቁም። ክፍሎቹ ግን በጤና ጣቢያው ነርስ ተይዘዋል።

አሁን ባልና ሚስቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። አልጋውን ከምድጃው የሚለየው ያ ባለ አበባ መጋረጃ ነው፤ የተንጠለጠለው ከጣሪያው ማገር ላይ በታሰረ ገመድ ነው፤ አዲሱ አከራይም ምስማር አይወዱም። ሙሽሮቹ አልጋ ሥር ተመልሰዋል። ወልደአረጋይ ዘንድሮ ኅብረ ቃል ያለበትን ምዕራፍ «ጊዜ የለንም» ብሎ ዘሎታል። ደወል ሲደወል ተማሪ «ቲቸር፣ ክፍለ ጊዜው አልቋል» ካለው ይደነግጣል።

ባለፈው እሑድ ስልኩ ጮኸ። እሱ ልብስ እያጠበ እጁ ሳሙና ስለነበር ትርንጎ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሣችው። ቤተልሔም ናት፣ ከነማሯ።

«እንደምን አላችሁ! ብሎክ ሁለትን ለሽያጭ አቅርበናል። እሱም እያለቀ ስለሆነ ለዘመድ ለወዳጅ ንገሩልን።»

«እኛም እያለቅን ነው፣ እህቴ» አለች ትርንጎ፤ ስልኩን ዘጋችው።

ወልደአረጋይ ከሳፋው ቀና ብሎ አያት። የሚታረም ነገር ፈለገ፤ አላገኘበትም።